ጥቆማ፦ ምዕራብ አፍሪካ መንደር ገብቶ ከበሮና ጭፈራ ለመማር ጋና፣ ጊኒ፣ ሴኔጋል ወይስ ጋምቢያ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ተወዛዋዥ ነኝ፣ አዲስ አበባ ባህል ምሽት ቤት ነው የምሰራው። ከመስከረም በኋላ ሁለት ወር ገደማ ፈቃድ ስለማገኝ ምዕራብ አፍሪካ አንዱ መንደር ገብቼ ጭፈራና ከበሮ መማር አስቤያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም "ኦሪጅናሉ እኛ ጋር ነው" ነው የሚለው፣ አራት አገር አይቼ ጭራሽ ዞረብኝ። ፈረንሳይኛ አልችልም፣ ብሩም እንደምታውቁት ነው። የሄደ ወይ የሚያውቅ ሰው ካለ ፕሊስ ጠቁሙኝ።

መልስ፦
እህቴ ከአገር አትጀምሪ፣ ከምትማሪው ነገር ጀምሪ። እዛ ያለው ከበሮ ሁሉ አንድ አይደለም፣ እያንዳንዱ የራሱ ህዝብና የራሱ ሰፈር አለው። ጄምቤና ዱንዱን (በእጅና በዱላ የሚመቱ ከበሮዎች) ካልሽ የማሊንኬዎች ነው፣ ቤቱ ጊኒና ማሊ ነው። ሳባር የዎሎፎች ነው፣ ሴኔጋል። ኮራ (ከበሮ ሳይሆን ባለ አውታር መሳሪያ ነው) የማንዲንካ፣ ጋምቢያና ካሳማንስ (ደቡብ ሴኔጋል)። ጋና ሄደሽ ጄምቤ ተምረሽ ብትመጪ ጎንደር ሄዶ የጋሞ ጭፈራ እንደተማረ ሰው ነው የምትሆኚው፤ አስተማሪ አይጠፋም፣ አክራ ገበያም ለቱሪስት የሚሸጥ ጄምቤ ሞልቷል፣ ግን ኤዌ የሚባሉት የጋና ህዝቦች መንደር ለቅሶ ሲኖር ሌሊቱን የሚመታው እሱ አይደለም።

ላንቺ እኔ የምለው ኮፔያ ነው። ጋና ውስጥ ቮልታ ክልል፣ ቶጎ ድንበር አጠገብ ያለች የኤዌዎች መንደር ናት። ዳግቤ የሚባል የባህል ማዕከል አለ፣ ጎድዊን አግቤሊ የሚባሉ ትልቅ የከበሮና የጭፈራ መምህር በ1982 የመሰረቱት ነው (አመተ ምህረቱን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ እሳቸው በ1998 ካረፉ በኋላም ልጆቻቸው ይዘውት ቀጥለዋል። የውጭ ተማሪ መቀበል ከጀመሩ ስለቆዩ ምንም የማያውቅ ሰው ከየት እንደሚጀመር ያውቃሉ፣ መኝታውም እዛው ነው፣ ቋንቋውም ኤዌና እንግሊዝኛ ስለሆነ አትቸገሪም።

ለተወዛዋዥ ደግሞ ኤዌን የምመርጥበት ሌላ ምክንያት አለኝ። ጭፈራቸው ዋናው ጀርባና ትከሻ ላይ ነው። እግር ቀላል ይመስላል፣ ጉልበት አጠፍ፣ ወገብ ጎንበስ ብሎ ከላይ ግን ጀርባው ይከፈታል ይዘጋል፣ ይሄንን ከከበሮው ጋር ማስማማት ነው ስራው። እስክስታ የሰራ ሰው ትከሻው ስለተፈታ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ግን እኛ ቀጥ ብለን ደረት ነፍተን ነው የለመድነው፣ እነሱ ወደ መሬት ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን ጭንሽና ወገብሽ ያለቅሳል። ምቱም ቢሆን አያስደነግጥሽም፣ አግባጃ የሚባለው ሶስት ሶስት እየተከፈለ የሚሄድ ስለሆነ በችክችካ ያደገ ጆሮ ቶሎ ይላመደዋል። የሚያስቸግረው ደወሉ ነው። ጋንኮጉይ ይሉታል፣ ሁለት አፍ ያለው የብረት ደወል ነው፣ አስራ ሁለት ቆጠራ ውስጥ ሰባቴ ይመታል፣ ያውም እኩል እኩል ተራርቆ አይደለም፣ ሌላው መሳሪያ በሙሉ ደግሞ እሱን ነው የሚያዳምጠው። ስለዚህ ትምህርቱ ከደወሉ ይጀምራል፣ ቀጥሎ አሃትሴ (ዶቃ መረብ የለበሰች ቅል)፣ ከዛ ካጋኑ፣ ኪዲ፣ ሶጎ የሚባሉትን ከበሮዎች እያልሽ ነው የምትሄጂው። አትሲሜቩ የሚባለው ረጅሙ መሪ ከበሮ መጨረሻ ነው፣ በገባሽ በማግስቱ እሱን ስጡኝ ብትያቸው ይስቁብሻል፣ ፎቶ ግን ያነሱሻል።

ከጭፈራዎቹ ጋሁና አግባጃን ያዢ። ጋሁ ክብ ተሰርቶ የሚጨፈር የመዝናኛ ጭፈራ ነው፣ ለጀማሪ የሚመች። አትሲያግቤኮር ጥንት የጦርነት የነበረ ነው፣ በጣም ያምራል ግን ከባድ ነው፣ አድዞግቦ ደግሞ ከቤኒን በኩል የመጣ ነው እሱም አይቀልም። በሁለት ወር አምስት ጭፈራ እናስጨርስሻለን የሚል ፓኬጅ ካየሽ ዝም ብለሽ እለፊው፤ ደረጃ በደረጃ ደወሉ ሳይጠፋብሽ ሁለቱን እየዘፈንሽ መጨፈር ከቻልሽ ትልቅ ነገር ነው። መዝፈን ያልኩት አውቄ ነው፣ እዛ ዘፈኑን የማይቀበል ተማሪ ግማሽ ተማሪ ነው።

አንድ የማይታወቅ ጥቅም ልንገርሽ። ኮፔያ ከአፍላዎ ብዙ አይርቅም፣ አፍላዎ ማለት ደግሞ የቶጎ ዋና ከተማ የሎሜ ጫፍ ላይ ያለው ኬላ ነው፣ በእግር ነው የሚሻገሩት። የኛ አየር መንገድ ደግሞ ሎሜ ይበራል፣ አስካይ የሚባለው አየር መንገድም መቀመጫው እዛ ነው። እና በአክራ ገብቶ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በትሮትሮ (የነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ከመንገላታት በሎሜ መግባት ይቀላል፣ ግን በዚህ በኩል ከመጣሽ የቶጎንም የጋናንም መግቢያ ስለምትፈልጊ ትኬት ሳትቆርጪ ሁለቱንም ጠይቂ። ሻንጣ ከበዛ ወይ ወረቀት የሚያሰለችሽ ከሆነ በቃ አክራ ግቢ።

ሁለተኛ ምርጫ ብትይኝ ሜዲየ። ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፣ የዳጋራ ሙዚቃ ማዕከል እዛ ነው፣ በርናርድ ዎማ በ1999 ያቋቋመው። ዎማ በ2018 አርፏል፣ የጊል ሊቅ ነበር። ጊል ማለት ከእንጨት የተሰራ በዱላ የሚመታ መሳሪያ ነው፣ ከስሩ ቅሎች ተንጠልጥለውበታል፣ ቅሎቹ ቀዳዳ ላይ የሸረሪት እንቁላል ሽፋን ይለጠፋል፣ ለዛ ነው ድምፁ እዝዝ የሚለው። በገና ላይ እንዚራው የሚሰጠውን ጩኸት የሚወድ ሰው ይሄንን ይወደዋል፣ ቅኝቱም አምስት ድምፅ ስለሆነ ጆሮአችን አይሸሸውም። ግን ዳጋራዎች አገራቸው ሰሜን ምዕራብ ጋና ነው፣ ሜዲየ የተመረጠችው ለአክራ ስለምትቀርብ ነው። መንደር ካልሽኝ ኮፔያ ይበልጣል፣ መሳሪያ ካልሽኝ ጊሉ ይበልጣል።

ጊኒን አልጠላም፣ እንዲያውም ከሁሉም ጉልበት ያለው እዛ ነው። ከጄምቤ ሊቆች ማማዲ ኬይታ (በ2021 ያረፈው) ባላንዱጉ ነው የተወለደው፣ ፋሙዱ ኮናቴ ደግሞ ኩሩሳ አካባቢ ሳንግባራላ፣ ዱኑምባ የሚባሉት የጎበዞች ጭፈራዎችም አገራቸው ያ ሃማና የሚባለው ቀዬ ነው። ግን ያለ ፈረንሳይኛ ወይ ማሊንኬ እዛ ገጠር ሁለት ወር መቀመጥ ይከብድሻል፣ መንገዱም ረጅም ነው፣ ብዙ ሰው መጨረሻው ኮናክሪ አንዱ ግቢ ውስጥ ይሆናል። የኮናክሪ ትምህርት ጥሩ ነው፣ ግን የባሌት (የመድረክ ጭፈራ ቡድን) ስታይል ነው፣ በነጻነት ጊዜ ለመድረክ የተቀናበረው። ያንን ከፈለግሽ ጥሩ፣ አንቺ ግን መድረክ እዚህም አለሽ።

ሴኔጋል ቱባብ ጃላው ያለውን የዳንሰኛዋን የጀርሜን አኮኚን ኤኮል ደ ሳብልን አይተሽው ይሆናል፣ ከዳካር ትንሽ ወጣ ብሎ ባህር ዳር ነው። ትልቅ ቦታ ነው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ከመላው አፍሪካ ለሚመጡ ዳንሰኞች የተሰራ የሙያ ትምህርት ቤት ነው፣ የአፍሪካን ጭፈራ ከዘመናዊ ዳንስ ጋር ነው የሚያስተምሩት። የሙያ ደረጃሽን ማሳደግ ከፈለግሽ ማስታወቂያቸውን ተከታተይና አመልክቺ፣ የመንደር ህይወት ካልሽ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ማሊና ቡርኪናን አሁን ባለው ጸጥታ ገጠር ግቢ ብዬ ማንንም አልመክርም።

ሌላ መልስ፦
ወንድሜ ጋምቢያን በአንድ መስመር አለፍካት እኮ 😄 ልጅቷ ፈረንሳይኛ አልችልም እያለች። ጋምቢያ እንግሊዝኛ ነው፣ አገሪቷ ትንሽ ስለሆነች ትራንስፖርት አይጨርስሽም፣ ለአፍሪካ ፓስፖርትም ቪዛ አይጠይቁም (ቢሆንም ትኬት ቢሮውን አስረግጠሽ ጠይቂ፣ ኬላ ላይ ከመከራከር ይሻላል)። ብሪካማ የኮራ ቤተሰቦች ያሉባት ናት፣ ጆባርቴ፣ ኮንቴ የሚባሉት ጃሊዎች። ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ስራ ነው፣ አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ማሞገሱም፣ ዘር መቁጠሩም፣ ሽልማቱም። ኮራ ሃያ አንድ አውታር ነው፣ ግማሽ ቅል ላይ የላም ቆዳ ተወጥሮ፣ በሁለት እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ብቻ ነው የሚጫወቱት። ክራር የሞከረ እጁ አይደነግጥም፣ ቅኝቱ ሰባት ድምፅ መሆኑ ግን መጀመሪያ ሰሞን ግራ ያጋባል። ትምህርቱ ከመምህሩ ቤት እየበላሽ እያደርሽ ነው፣ ክላስ ምናምን የለም፣ ሰው ሲመጣ ይቆማል፣ ሰርግ ሲኖር አብረሽ ትሄጃለሽ። የኮራ ተጫዋቿ ሶና ጆባርቴ ካርቶንግ ላይ በ2015 የከፈተችው ጋምቢያ አካዳሚ ደግሞ በዋናነት ለአገሬው ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፣ የአጭር ኮርስ ቦታ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

መልስ፦
ልክ ነህ፣ መሳሪያ ለሚማር ሰው ብሪካማን ከኮፔያ እኩል አደርጋታለሁ፣ እሷ ግን ጭፈራ ነው ያለችው። ለኮራ ደግሞ ሁለት ወር ማለት ማስተካከያ ተምረሽ ሁለት ሶስት ኩምቤንጎ (እየተደጋገመ የሚሄደው መሰረት) ይዘሽ መምጣት ነው፣ በዛ የምትደሰች ከሆነ ሂጂ።

ጥያቄ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ኮፔያ ልቤን ወስዳዋለች። ሶስት ነገር ብቻ፦ ብቻዬን ሴት ስለሆንኩ ይከብደኛል? ከበሮውንስ ለሴት ያስተምራሉ? ደግሞ የገና ጾም እዛ ይገባብኛል፣ ምን ልበላ ነው 🙈

መልስ፦
ከበሮውን ያስተምሩሻል። በባህሉ መሪ ከበሮ የወንድ ነው፣ ሴቶች ዘፈኑን፣ ጭፈራውንና አሃትሴውን ነው የሚይዙት፣ ማዕከል ውስጥ ግን ለተማሪ ልዩነት አያደርጉም። እውነተኛ ለቅሶ ላይ ግን ተነስተሽ ዱላ አትያዢ፣ ሴቶቹ መሃል ግቢና ጨፍሪ፣ ትምህርቱ ያለው እዛ ነው። ማረፊያሽን ግን ሳትሄጂ በጽሁፍ ጨርሺ፣ ክፍሉ ቁልፍ እንዳለው፣ ሌላ ሴት ተማሪ በዛ ሰሞን እንዳለች ጠይቂ። ዋጋም ሲነግሩሽ በሳምንት ነው በወር፣ ምግብ አለበት የለበትም፣ የትምህርት ሰዓቱ በቀን ስንት ነው፣ የግል ነው የጋራ ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ። እኔን አንድ ሰው (ስሙ ይቅር) በየጊዜው "የከበሮ ኪራይ" እያለ ያስከፍለኝ ነበር።

ለሽማግሌዎቹ መጠጥ ይዞ መግባት ወግ ነው፣ ሽናፕስ ወይ አክፔቴሺ የሚሉት አረቄያቸው፣ ምን እንደሚገዛ መምህርሽ ይነግርሻል። ጋምቢያ ቢሆን ሙስሊም ስለሆኑ የኮላ ፍሬ ነው የሚወሰደው። በግራ እጅ ምንም አትስጪ፣ አትቀበይ። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ደግሞ ሁሌም ጠይቆ ነው፣ የዬዌ ወይ የአፋ (የባህላዊ እምነታቸው) ስርአት ከሆነ ግን ባትጠይቂም ይሻላል።

ጾሙን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ ባህር ዳር ያለ ህዝብ ነው፣ አሳ ያልገባበት ወጥ ፈልጎ ማግኘት ስራ ነው፣ አትክልት ነው ብለው የሚያቀርቡልሽ ባሚያ ውስጥም የደረቀ አሳ ዱቄት አለ። አሳ ለሚበላ ጾመኛ ገነት ነው፣ ክርክሩን እዚህ አንክፈት። ለማይበላ ደግሞ ሬድ ሬድ የሚሉት ቦሎቄ መሳይ ጥራጥሬ በፓልም ዘይት ከተጠበሰ ፕላንቴን (የሚበሰል ሙዝ) ጋር አለ፣ ጋሪ (የካሳቫ ዱቄት) አለ፣ ኦቾሎኒ፣ ያም፣ ፍራፍሬ እንደጉድ ነው። አብሳዩዋን ገና ስትገቢ ቁጭ ብለሽ አስረጃት። ሽሮ ይዘሽ ሂጂ፣ ሽንኩርት የትም አለ።

ጊዜውን በተመለከተ በፈረንጅ ኦክቶበር መጨረሻ ግቢ። በፈረንጅ ኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ አንሎጋ ላይ ሆግቤትሶትሶ ይከበራል፣ የአንሎ ኤዌዎች ትልቁ በዓል ነው፣ አለቆቹ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በየቡድኑ ከበሮ። ለአንቺ ከአንድ ወር ክላስ ይበልጣል። ሜይና ጁን አካባቢ ግን አክራ ላይ ጋዎች (የአክራ ነባር ህዝብ) ከሆሞዎ በዓላቸው በፊት ለአንድ ወር ያህል ከበሮ ይከለክላሉ፣ በዛ ሰሞን ሜዲየም ሆነ አክራ የሚያስብ ሰው ካለ ቀድሞ ይጠይቅ።

የቢጫ ወባ ካርድ የግድ ነው፣ ከጉዞው ቢያንስ አስር ቀን ቀድመሽ ተከተቢ፣ ከዚህ በፊት ተከትበሽ ካርዱ ካለሽ ከ2016 ጀምሮ እድሜ ልክ ነው የሚሰራው። ወባ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ምንም መከላከያ የለውም፣ ኪኒኑን ሀኪም አማክረሽ ከመሄድሽ በፊት ጀምሪ፣ አጎበርም ያዢ። ስትመለሺ ከበሮ እዛ እገዛለሁ ካልሽ ቆዳ ያለው እቃ በጉምሩክ እንዴት እንደሚያልፍ ጠይቂና ግዢ፣ እኔ ብሆን ጋንኮጉይና አሃትሴ ይበቃኛል፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፣ ሶጎውን እዚህ ጠራቢ ይሰራልሻል።