ከዱባይ የመጣልኝ የክብደት መቀነሻ መርፌ፦ ልጀምረው ወይስ ልተወው?

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)
አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ያለችው እህቴ ኦዜምፒክ የሚባለውን መርፌ በሰው ላከችልኝ። እሷ እየወሰደችው ኪሎዋ ወርዷል። እኔ 43 ዓመቴ ነው፣ 96 ኪሎ ነኝ፣ ስኳርም አለብኝ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የሚባሉ የስኳር ክኒኖች እወስዳለሁ። ፔኑ (መድኃኒቱ የተሞላበት እስክሪብቶ መሰል መርፌ) 1 ሚሊግራም ይላል። ያመጣችው ልጅ አዲስ አበባ ሰንብታ በአውቶቡስ በፌስታል ነው የላከችልኝ፣ በረዶ የሚባል አልነበረውም። አሁን ፍሪጅ ውስጥ ነው። እናቴ እንቅርት ነበረባት፣ እሱም ያሳስበኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «የጫፉን መርፌ ብቻ እየቀየርን ፔኑን እንካፈለው» ትላለች። ረመዳን ሳይገባ ልጀምር ነበር፤ ምን ትላላችሁ?

ሀረጎ ቁልቁለት
እህት አትጨነቂ፣ ጀምሪው። የአጎቴ ልጅ ሳዑዲ ሆኖ በ1 ሚሊግራም ነው የጀመረው። ትንሽ አስመለሰው፣ አለቀ።

ፋርማሲስት (ደሴ፣ ፒያሳ)
እባክዎ እንዳይጀምሩ። ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ ግሊቤንክላሚዱ ነው። ኦዜምፒክ (ሴማግሉታይድ) ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋው በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ሲል ነውና። ግሊቤንክላሚድ ግን በሉም አልበሉም ቆሽትን ይገፋል። መርፌው የምግብ ፍላጎትዎን ዘግቶት፣ ክኒኑ ሥራውን ሲቀጥል፣ በዚያ ላይ ፆም ሲጨመር ስኳርዎ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይዘባርቃል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ሐኪም ሁለቱን አብሮ ካዘዘ ብዙ ጊዜ የክኒኑን መጠን ይቀንሳል። ክኒኑን በራስዎ አያቋርጡ።

መጠኑም የመነሻ አይደለም። የሚጀመረው በሳምንት አንድ ጊዜ በ0.25 ሚሊግራም ነው፤ ከ4 ሳምንት በኋላ 0.5 ይሆናል። 0.25 አንጀትን ለማለማመድ እንጂ ስኳር ለመቆጣጠር እንኳ የሚበቃ አይደለም። የእርስዎ ፔን በአንዴ 1 የሚሰጥ ነው። የፔኑን መጠን መምረጫ ሲያዞሩ «ቀጭ» የሚለውን እየቆጠሩ መጠኑን የሚያሳንሱ አሉ፤ እኔ አልመክርም።

ወንድሜ ሀረጎ፣ የአጎትህ ልጅ ግሊቤንክላሚድ ይወስድ ነበር? ደግሞም ይህ የሳምንት መርፌ ነው፤ ቢያስመልስህ የገባው አይወጣም፣ ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል።

የቦርከናዋ
አላህ ይስጥልኝ። ፍሪጅ ካስገባሁት ግን ሙቀቱ ምንም አላደረገውም አይደል? ውሃው ጥርት ያለ ነው።

ፋርማሲስት (ደሴ፣ ፒያሳ)
ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም። ያልተከፈተ ፔን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 56 ቀን ይቆያል። ችግሩ በሻንጣና በአውቶቡስ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘው የሚነግረን አለመኖሩ ነው። አንዴ ከተበላሸ ፍሪጅ አያድነውም። በረዶ ቤት ገብቶ ከረጋም ይጣላል።

ሐሰተኛም አለ። በፈረንጆቹ 2024 ሰኔ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ስለተገኙ ሐሰተኛ ኦዜምፒኮች አስጠንቅቋል። አንዳንዱ ሐሰተኛ ውስጥ ኢንሱሊን ሊኖር ይችላል። እህትዎ ከፋርማሲ በሐኪም ማዘዣ ነው የገዛችው ወይስ ከቴሌግራም? ይጠይቋት።

ነርሷ እማማ
ልጄ፣ መካፈሉን ተዪው። መርፌው ቢቀየርም ደም ወደ ፔኑ ውስጥ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የጉበት ቫይረስም ኤችአይቪም በዚህ ይተላለፋል። አንድ ፔን ለአንድ ሰው ነው። ጎረቤትሽ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ከሆነ ደግሞ ይህ መድኃኒት ከእርግዝና ቢያንስ 2 ወር ቀድሞ መቆም አለበት።

እንቅርቱን በተመለከተ፦ አዮዲን በማጣት የሚመጣው፣ በወሎ ደጋ እናቶቻችን አንገት ላይ ያየነው፣ ከልካይ አይደለም። የሚከለክለው ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ነው፣ በራስሽ ወይም በቤተሰብ ካለ። እናትሽ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ከነበረ ምን እንደተገኘ ጠይቂ። ዓይንሽንስ ታይተሻል? ስኳር በፍጥነት ሲወርድ በዓይን ጀርባ ያለ ጉዳት ሊባባስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ ሆድ በታመመ ቁጥር «ጨጓራ ነው» ይባላል። ይህን መርፌ የሚወስድ ሰው የላይኛው ሆዱ ክፉኛ ታምሞ ወደ ጀርባው ከዘለቀ ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። በቀኝ ጎድን ሥር ሕመምና ትኩሳት ካለ፣ ዓይኑም ቢጫ ከሆነ፣ የሐሞት ጠጠር ይጠረጠራል። ሁለቱም የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ናቸው፣ አብሽ ተጠጥቶ የሚታደርባቸው አይደሉም።

እናት ከሸዋበር
እኔ በሐኪም ትእዛዝ እየወሰድኩት ነው። ቅቤ የበዛበት ወጥና ጨጨብሳ ለጊዜው ረሺው፣ ይገለብጥሻል። ጥቂት ጥቂት መብላት፣ እንቁላልና ምስር አለመተው (ጡንቻም አብሮ ይቀልጣል አሉኝ)፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት። የሆድ ድርቀቱ ከማቅለሽለሹ በላይ አሰቃይቶኛል። ማንም ያልነገረኝ ግን ዋጋው ነው። ሲያቆሙት ኪሎው አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል፤ በጥናትም ታይቷል። በየወሩ የምትገዢበት አቅምና አስተማማኝ ቦታ ሳይኖርሽ በአንድ ስጦታ ፔን መጀመሩ ለእኔ ትርጉም የለውም።

ሀረጎ ቁልቁለት
እሺ ተሸነፍኩ። ግን ሐኪም ዘንድ ብትሄድ «ጾሚ፣ ተራመጂ» ብሎ ይመልሳታል እንጂ ማን ያዝላታል?

ነርሷ እማማ
ቢያንስ ክኒኗን ያይላታል። ኪሎ የማይጨምሩ የስኳር ክኒኖች አሉ፤ ግሊቤንክላሚድ ራሱ ክብደት ይጨምራል እኮ!

የቦርከናዋ
ይህንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም! ዛሬ ክትትል ወደማደርግበት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ መርፌውን እንዳልነካው፣ የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራና የኩላሊት እንዳሠራ አዘዘኝ። የረመዳንን ጉዳይ ውጤቱን ይዤ ስመለስ እንነጋገራለን ብሏል። ፔኑንስ ምን ላድርገው? እህቴ ብዙ አውጥታበታለች፣ መጣሉ ከበደኝ።

ፋርማሲስት (ደሴ፣ ፒያሳ)
ለማንም አይስጡ፣ አይሽጡም። ቆሻሻ ላይም አይጣል፣ ልጆች ያነሱታል። ክትትል የሚያደርጉበት ጤና ተቋም ፋርማሲ ይውሰዱት፣ እነሱ ያስወግዱታል። ካርቶኑ ካለ አብረው ይውሰዱ፤ ባች ቁጥሩ (የምርቱ መለያ ቁጥር) አጠራጣሪ ከሆነ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያሳውቃሉ።