እናቴን ይዤ ሮም ልሄድ ነው፤ ከሐሙስ እስከ እሁድ ምን እናያለን?

ፍራንክፈርቷ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ከመሄዷ በፊት ሮምን ላሳያት አስቤያለሁ። በመጋቢት መጀመሪያ፣ ሐሙስ ማታ ገብተን እሁድ ማታ እንመለሳለን። እሷ የጳጳሱን ቤተ ክርስቲያን ካየች ይበቃታል። እኔ ኮሎሲየምን ሳላይ አልመለስም። ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። ሁዳዴን ትጾማለች፤ ጣልያን ደግሞ ሁሉም ነገር ላይ አይብ ያለ ይመስለኛል። ቪዛዋ የጀርመን ነው፣ ጣልያን ያስገባታል? ሆቴልስ የት ሰፈር ይሻላል? የምናርፈው ፊዩሚቺኖ ነው። ብር እንደልብ የለም፣ ግን አንሰስትም።

ባቡር ወዳዱ
ከቪዛው ልጀምር። ለሁሉም የሼንገን አገሮች የሚያገለግል ከሆነ ጣልያንም ይሠራል። ቀኑ እንዳያልፍ ብቻ እይው። ከፍራንክፈርት ስትበሩ የድንበር ፍተሻ ባይኖርም ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፣ ኮፒ አይበቃም። ሆቴሉ ፓስፖርታችሁን ተቀብሎ ይመዘግባል። ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ነው፣ እናትሽ እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ እስከ ተርሚኒ፣ የከተማው ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። በ8 ዩሮ የሚሄድ ሌላ ባቡር አለ፤ እሱ ግን ተርሚኒ አይደርስም፣ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ ጣቢያዎች አድርጎ ነው የሚያልፈው። ታክሲ እስከ ከተማው የድሮ ቅጥር ውስጥ በቁርጥ 55 ዩሮ ነው። ነጩን ሕጋዊ ታክሲ ከሰልፉ ያዙ። አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚጠጋችሁን ሰው እለፉት። እኔ ብሆን ማታ፣ ጉልበት ከሚያማቸው እናት ጋር፣ ታክሲውን እመርጣለሁ።

የትራስቴቬሬ ልጅ
እህቴ፣ ዋናው ነገር አትሩጡ። ሮም ላይ እናቶችን የሚጎዳው ደረጃው ብቻ አይደለም፣ ኮብልስቶኑ ነው። ጥቁር፣ ጎርበጥባጣ፣ ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት ድንጋይ ነው። ሶሉ ወፍራም የሆነ ስኒከር ያድርጉ፣ ፋሽኑ ለሌላ ቀን ይቆይ። በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያዙ፤ ከሰዓት ዕረፍት፣ ማታ ቀለል ያለ ዙረት።

ለሆቴል ተርሚኒ አካባቢ ርካሽ ነው። ማታ ማታ ብዙም ደስ አይልም፣ ግን ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በእግር ርቀት ላይ ናቸው። ከመክፈልሽ በፊት «አሳንሰር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ሆቴሎች በአሮጌ ፎቅ ላይኛው ክፍል ነው ያሉት፤ የአንዳንዱ አሳንሰር ሻንጣና ሰው አንድ ላይ አይችልም።

ዋልያ
እናትሽ የሚፈልጉት የጳጳሱ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ መግቢያው ነጻ ነው። «ፈጣን ትኬት» ብሎ የሚሸጥልሽን አትስሚ። የሚያስቸግረው የፍተሻ ሰልፉ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ያኔ ከደረሳችሁ ዘና ብላችሁ ትገባላችሁ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ እናትሽ ነጠላቸውን ከያዙ ጣጣ የለውም። ጉልላቱን ግን ተዪው። 551 ደረጃ ነው፤ በአሳንሰር ብትጀምሩም 320ው ይቀራል።

የቫቲካን ሙዚየምን ግን እንዳታልፉት። የሲስቲን ጸሎት ቤት ያለው እዚያ ነው። ሚኬላንጄሎ የሣለውን ጣሪያ ሳያዩ ሮም ሄድኩ ማለት ምን ይባላል?

የትራስቴቬሬ ልጅ
ዋልያ፣ ወንድሜ፣ አልስማማም። የሙዚየሙ ትኬት በኢንተርኔት ሲቆረጥ 25 ዩሮ ነው፣ ለሁለት ሰው 50። ኮሪደሩ አያልቅም፣ ሲስቲን ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ ደክሞት ነው የሚደርሰው። እሁድ ደግሞ ዝግ ነው፣ ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በቀር፤ ያን ቀን ነጻ ስለሆነ ግፊያው አይጣል ነው።

ዋልያ
ሙዚየሙ እኮ ዊልቸር በነጻ ያውሳል፣ መታወቂያ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ልጅቷ ትገፋለች፣ እናት ጣሪያውን ያያሉ። ምን ችግር አለው?

ፍራንክፈርቷ
ሃሃ፣ እናቴ ዊልቸር ላይ የምትቀመጥ አይመስለኝም። «ምን ሆንኩና?» ነው የምትለኝ። እጠይቃታለሁ። የኮሎሲየሙስ?

ባቡር ወዳዱ
ኮሎሲየም መደበኛ ትኬቱ 18 ዩሮ ነው፤ አጠገቡ ያሉት ፎረም የሚባለው የጥንቱ ከተማ ፍርስራሽና ፓላቲን ኮረብታ አብረው አሉበት። ሽያጩ ከቀኑ 30 ቀን በፊት ይከፈታል፣ ቶሎ ያልቃል። ስም በፓስፖርቱ እንዳለ ጻፊ፣ በር ላይ ያመሳክራሉ። ከኮሎሲየሙ የራሱ ድረ ገጽ ቁረጪ፤ ሌሎቹ ያንኑ ትኬት አስወድደው ነው የሚሸጡት። ውስጡ አሳንሰር ስላለ አይዟችሁ። ፎረሙ ግን ጉድጓድና ድንጋይ ነው፣ እናትሽ ከላይ ሆነው ቢያዩት ይሻላል።

እትዬ ሽሮ
የጾሙን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ። ልጄ፣ ሮም እንደሚወራው ለጾመኛ አትከፋም። ፒሳ ማሪናራ የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ስፓጌቲ አሊዮ ኦሊዮ እሱም ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ነው። አራቢያታ ደግሞ በቲማቲም የሚያቃጥል ስጎ ነው፣ እናትሽ ይወዱታል። ስታዢ «ሴንዛ ፎርማጆ» በያቸው፣ አይብ ሳይነሰንሱ ያመጣሉ። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለውም፣ ትኩሱ ፌቱቺኒ ግን አለው፣ እሱን እለፉት።

መጋቢት ደግሞ አርቲቾክ የሚባለው፣ እምቡጡ የሚበላ አትክልት ወቅት ነው። በድሮው የአይሁድ ሰፈር፣ ጌቶ በሚባለው፣ ሙሉውን በዘይት ይጠብሱታል። ቅጠሉ እንደ አበባ ተበትኖ፣ ጫፉ እየተንኮሻኮሸ ይመጣል። የጾም ነው፣ ያውም ከሥጋ የሚጥም። ውኃ ደግሞ አትግዙ፤ በየመንገዱ ዳር ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፣ ንጹሕ ነው።

ዋልያ
ቆይ፣ የእኛን ነገር ማንም አላነሳም እንዴ? በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ወርዳችሁ ስትወጡ የፋኦ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ትልቅ ሕንፃ አለ። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ፊት ለፊት ነበር። ሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 ነው የተመለሰው። ዛሬ ቦታው ላይ የሴፕቴምበር 11ን የኒውዮርክ ጥቃት የሚያስታውሱ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል።

ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋር ትደርሳላችሁ፣ ኮሎሲየም አጠገብ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ማራቶኑን በባዶ እግሩ የጨረሰው እዚያ ቅስት ሥር ነው፣ ማታ፣ በችቦ ብርሃን። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። መንገዱ አጭርና ሜዳ ነው፣ በእናትሽ እርምጃ ጭምር ይደረስበታል። ወደ ኮሎሲየም ስትሄዱ በዚህ በኩል ግቡ።

የትራስቴቬሬ ልጅ
ይሄን ወደድኩት። አንድ ልጨምር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ያረፉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በግዕዝ የመጀመሪያው የሐዲስ ኪዳን ኅትመት እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 ሮም ላይ ሲወጣ የደከሙለት አባ ተስፋ ጽዮን የዚያ ቤት ሰው ናቸው። ሰተት ተብሎ የሚገባበት አይደለም፣ ግን ባዚሊካው ውስጥ ቆማችሁ ለእናትሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸዋል።

ፍራንክፈርቷ
በጣም አመሰግናለሁ! እናቴን ጠየቅኳት። ሙዚየሙን «ሥዕል ለማየት ይህን ሁሉ ኮሪደር?» ብላ ጥላዋለች። ዋልያ ይቅርታ። ስለዚህ አርብ ጠዋት ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ከሰዓት ዕረፍት፣ ማታ ጌቶ ለአርቲቾኩ። ቅዳሜ ከቺርኮ ማሲሞ በእግር ወደ ኮሎሲየም። እሁድ ጠዋት ባዶ ነው፣ ምን ላድርግበት?

ባቡር ወዳዱ
ፓንቴዮን፣ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ የነበረው። 5 ዩሮ ነው፣ በኢንተርኔት ቁረጪ። ጣሪያው መሃል ላይ ክፍት ነው፣ ዝናብ ከጣለ ውስጥ ድረስ ይገባል። ደረጃ የለውም። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከሆነ በነጻ ነው፣ ግን ሰልፉ ረጅም ስለሚሆን በጠዋት ሂዱ።

ዋልያ
ወይም እኩለ ቀን ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ተመለሱ። ጳጳሱ ሮም ካሉ እሁድ 6 ሰዓት ላይ በመስኮት ብቅ ብለው ጸሎት ያደርሳሉ። ትኬት የለውም። ከተርሚኒ 64 ቁጥር አውቶቡስ ወደዚያ ይወስዳችኋል፤ ብቻ ኪስ አውላቂ የሚወደው መስመር ስለሆነ የእናትሽን ቦርሳ ከፊት አድርጊላቸው።