ሰርጋችን ሐዋሳ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺውን ከየት እንውሰድ?

የሐይቅ ዳር ሙሽራ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔና እጮኛዬ የምንኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን፣ በመጪው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ሐዋሳ ላይ ልንጋባ ወስነናል። ከተማዋን የመረጥነው ለሐይቁ ብቻ አይደለም። ያሳደጉኝ አያቴ ከእንግዲህ ረጅም መንገድ መጓዝ ስለማይችሉ፣ ሰርጉ እርሳቸው ወዳሉበት መሄድ ነበረበት።

ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ይፈጸማል፤ ከዚያ በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ከምሳ እስከ ማታ የሚዘልቅ ግብዣ ይደረጋል፤ በማግስቱ መልሱ በአያቴ ግቢ ይሆናል። ከሁለት መቶ ሃምሳ የማያንሱ እንግዶች እንጠብቃለን፤ ከእነርሱ አርባ የሚሆኑት ከውጭ አገር የሚመጡ ናቸው።

የተቸገርነው በፎቶግራፍ አንሺው ምርጫ ነው። በእጃችን ሦስት አማራጮች አሉ። አንደኛው እዚሁ ሜሪላንድ የሚሠራ፣ ሥራውን በጣም የምንወደው ባለሙያ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱንና ሆቴሉን ከቻልን ለመምጣት ፈቃደኛ ነው። ሁለተኛው በአዲስ አበባ ብዙ ሠራተኞች ያሉት ስቱዲዮ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ በኢንስታግራም ብቻ የማውቀው የሐዋሳ ወጣት ነው። ዋጋ አንዱ ጉዳይ ቢሆንም ዋናው ግን አይደለም። ከወላጆቼ ሰርግ የተረፈን አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው፤ በእርሱም ላይ አያቴ ከሰው ኋላ ቆመው የፊታቸው ግማሽ ብቻ ይታያል። ያንን ስሕተት መድገም አልፈልግም። ከእናንተ መካከል ከመኖሪያው ርቆ የደገሰ ወይም በሙያው ያለ ሰው ካለ ምን ልጠይቅ፣ ምንስ ላስተውል?

ብርሃንና ጥላ፦

እኅቴ፣ አስቀድሜ እንኳን ደስ አለዎት። በአዲስ አበባ የሰርግ ፎቶግራፍ በማንሳት አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ወደ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱና ጎንደርም ለሰርግ ብዙ ጊዜ ተጉዣለሁ። ባለሙያው የሚኖርበትን ከተማ ከመመዘንዎ በፊት ከሦስቱም አንድ ነገር ይጠይቁ፤ አንድን ሰርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለሙሽሮቹ ያስረከቡትን ሙሉ ሥራ ያሳዩዎት። በኢንስታግራም የሚለጠፈው ከሃምሳ ሰርግ የተለቀመ ሃምሳ ፎቶ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉው ስብስብ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ሲጨልም፣ ፀሐዩ ሲከር፣ እንግዳው ሲጨናነቅ ሰውየው ምን እንዳደረገ ያሳያል። ሙሉ ሥራ ለማሳየት የሚያመነታ ባለሙያ ቢያጋጥምዎ፣ እኔ ብሆን ወደሚቀጥለው እሻገር ነበር።

ሲመለከቱም በተለይ ብርሃኑን ያስተውሉ። በጥር አጋማሽ ሐዋሳ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ሲሆን፣ የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን መጠን ጀምበሯ ቶሎ ስለምትወርድ፣ ከጠለቀች በኋላ ለፎቶ የሚበቃው ብርሃን ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በበጋ በአውሮፓ የሠራ ሰው ረጅም ማምሻ ስለለመደ በዚህ ይታለላል። ሐይቁ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በመሆኑ ጀምበሯ የምትጠልቀው በውኃው ማዶ ነው፤ የሁለታችሁን ፎቶ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በባሕሩ ዳር ብታስቀምጡት ከዚያ የተሻለ ሰዓት አታገኙም። ምሳውን ተከትሎ፣ በ8 ሰዓት ፀሐይ፣ ሙሽሮችን ወደ መናፈሻ ወስዶ ማንከራተት በአገራችን የተለመደ ቢሆንም ፎቶውንም ሙሽሮቹንም ይጎዳል።

ሌላው የሐበሻ ቀሚሱ ነው። ነጭ ፈትል በቀትር ፀሐይ ሲነሳ፣ አንሺው ካልተጠነቀቀ፣ የሸማው ድርና ማግ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ነጩን ለማዳን ብቻ ካሰበ ደግሞ የሙሽሮቹ ፊት ይጠቁራል። ሁለቱም በአንድ ፎቶ ላይ በትክክል የወጡበትን ሥራ ይፈልጉ። ከዚሁ ጋር ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ በእኛ ሙያ የሰውን ፊት በኮምፒውተር ማንጣት እንደ ውበት የተቆጠረበት ጊዜ ረጅም ነው። ይህን ከልብ እቃወማለሁ። የአያትዎ ፊት መልኩንና ሽብሽቡን እንደያዘ እንዲቀመጥ ከፈለጉ፣ ከኤዲቱ በፊት ሳይሆን ከውሉ በፊት ይናገሩ።

የአርባ ምንጭ ሙሽራ፦

እኔ የተጋባሁት አርባ ምንጭ ላይ ሲሆን ፎቶግራፍ አንሺያችን ከምንኖርበት ከስቶክሆልም አብሮን የመጣ ነበር። ሥራውን አላንቋሽሽም፤ ከእግዜር ድልድይ በላይ ቆመን አባያና ጫሞ በግራና በቀኝ የሚታዩበት ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ነገር ግን ጠዋት ከቤት ስወጣ የእናቴንና የአባቴን ጉልበት ስስም የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለኝም። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲደርሱ እኅቶቼ «አናስገባም ሰርገኛ» እያሉ ሲከለክሉ፣ እርሱ ደስ ብሎት ከውጭ ጭፈራውን ሲያነሳ ቆየ፤ ቀጥሎ ውስጥ ምን እንደሚሆን የነገረው ሰው አልነበረም። በሩ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲገባ እርሱ ከኋላ ቀረ። አባቴ ሲመርቀኝ እንባው ሲወርድ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ አልጥልም። እኔም የቀኑን ፕሮግራም ስሰጠው የሰዓትና የቦታ ዝርዝር ብቻ ነው የጻፍኩለት፤ በየሰዓቱ ውስጥ የማይደገመው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩም። ስለዚህ የሜሪላንዱን ሰው ከመረጣችሁ፣ ከቤተሰባችሁ ልማዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ይሁን። ያ ሰው ሚዜ መሆን የለበትም፤ ሚዜ በዚያ ቀን ለራሱም ጊዜ የለውም። ጉልበት መሳሙን፣ ዳቦ ቆረሳውን፣ በመልሱ ዕለት ካባ ለብሳችሁ የምትገቡበትን፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ የሚተዋወቅበትን ቅልቅል ሁሉ ቀድሞ በጆሮው የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። አሮጊቶች «ወደ ካሜራው ተመልከቱ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ፊታቸው ይጠነክራል። በአማርኛ «እማማ፣ እስቲ ወዲህ ይበሉልኝ» ሲባሉ ግን የሚሰጡት ፈገግታ ሌላ ነው። እንደ ጥያቄሽ ከሆነ የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት አያትሽ ስለሆኑ፣ እኔ ብሆን ይህንን ከሁሉ አስቀድሜ አስብበት ነበር።

በሐዋሳ የሚያገለግል ዲያቆን፦

እኅታችን፣ እግዚአብሔር ጋብቻችሁን ይባርክ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ጥቂት ልበል። ተክሊሉ ከቅዳሴ ጋር ስለሚፈጸም ሥርዓቱ የሚጀመረው ገና በማለዳ ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ገብቶ ማደር ይኖርበታል። እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነድቶ ይደርሳል ማለት ዘበት ነው።

በቅዱስ ገብርኤልም ሆነ በሌሎቹ አድባራት አስቀድሞ የደብሩን ጽሕፈት ቤት ማነጋገርና ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። አንሺው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ወደ መቅደስ አይገባም፤ በካህናቱና በሙሽሮቹ መካከልም አይመላለስም። በቅዳሴ መካከል የፍላሽ ብልጭታ ምእመናንን ከጸሎታቸው ያናጥባል፤ አንዳንድ አባቶችም ፈጽመው ይከለክሉታል። አክሊሉ በራሳችሁ ላይ ሲደረግና ቅብዐ ቅዱሱን ስትቀቡ ከየት ቢቆም እንደሚያይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከአንድ አገልጋይ ጋር ቢመለከት መልካም ነው። ይህን የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛም በደስታ እናሳያቸዋለን። ሳይጠይቁ መጥተው በመሰላል ላይ ሊወጡ የሚፈልጉም አጋጥመውናል፤ በዚያን ጊዜ የሚፈጠረው ክርክር የሙሽሮቹን ቀን ያበላሻል።

የሐይቅ ዳር ሙሽራ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአርባ ምንጯን እኅቴን ጽሑፍ ለእጮኛዬ ጮክ ብዬ ሳነብለት ሁለታችንም ዝም አልን። የሜሪላንዱን ባለሙያ ትተነዋል ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባው ስቱዲዮ ሙሉ የሰርግ ሥራ ጠይቄ ሁለት ልከውልኛል፤ አንዱ በጣም ጥሩ ነው፣ ሌላው ግን በሌላ ሰው እጅ የተነሳ ይመስላል። የሐዋሳው ወጣትም አንድ ሙሉ ሰርግ ልኳል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ፎቶዎች ያለ ፍላሽ የተነሱና እጅግ የሚያምሩ ናቸው፤ የማታው ግብዣ ግን ደካማ ነው። ወንድሜ ብርሃንና ጥላ፣ ይህን እንዴት ያዩታል? በውሉ ውስጥስ ምን ይካተት? እጮኛዬ ደግሞ ሐይቁን ከላይ ለማስቀረጽ ድሮን ይዘን እንምጣ ይላል።

ብርሃንና ጥላ፦

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ድሮኑን ይተዉት። ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መግባት አይቻልም፤ ቦሌ ላይ በጉምሩክ የተያዘባቸውን ደንበኞች አውቃለሁ።

የስቱዲዮው ሁለት ሥራዎች የተለያዩት ለምን እንደሆነ በትክክል ገምተዋል። ትልልቅ ስቱዲዮዎች በጥር ወር በአንድ እሑድ ሦስት አራት ሰርግ ስለሚይዙ፣ ወደ እርስዎ የሚመጣው ሰው የወደዱትን ፎቶ ያነሳው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በውሉ ላይ የስቱዲዮው ስም ብቻ ሳይሆን የሚመጣው ሰው ስም ይጻፍ፤ እርሱ ቢታመም ማን እንደሚተካውም ይገለጽ። ዋጋው በብር ይቆረጥ፣ ቀብዱና ቀሪው የሚከፈልበት ቀንም ይጻፍ። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር እያሰቡ በብር በቃል የተስማሙ ሰዎች ሲጣሉ አይቻለሁ። መጓጓዣው፣ የሁለት ሌሊት ማደሪያውና የመልሱ ቀን ሥራ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑም ግልጽ ይሁን።

ከምንም በላይ የምለምንዎት የፎቶዎቹን ደኅንነት ነው። አንሺው እያንዳንዱን ፎቶ በአንድ ጊዜ በሁለት ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጽፍ ካሜራ ይኑረው። በሁለት ቀን አራት ሺህ ፎቶ ቢያነሳና እያንዳንዱ በጥሬው ሠላሳ ሜጋባይት ቢሆን መቶ ሃያ ጊጋባይት ይሆናል፤ ይህን ያህል በኢንተርኔት ወደ አሜሪካ እስኪላክ መጠበቅ አስጨናቂ ነው። ስለዚህ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይዘው ይምጡ፤ በመልሱ ማግስት ተገልብጦላችሁ አንዱን በእጅ ሻንጣችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሌላው አያትዎ ቤት ይቀመጥ። ብዙ ባለሙያዎች ያልተሠራ ፎቶ መስጠት አይወዱም፤ እኔም አልወድም። ሆኖም ለጥንቃቄ ብቻ እንደሚቀመጥና ለሕዝብ እንደማይለጠፍ በውሉ ከተጻፈ የሚከለክል ምክንያት አይታየኝም።

ስቱዲዮውንና የሐዋሳውን ወጣት ሲያነጻጽሩ ደግሞ እንዲህ ያስቡት። የማታ ግብዣ ድክመት በአንድ ተጨማሪ መብራትና በአንድ ረዳት ይስተካከላል። በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ፍላሽ፣ ማንንም ሳይረብሹ ማንሳት ግን በአንድ ሳምንት የሚማሩት አይደለም። ወጣቱ ሐዋሳን ያውቃል፣ ደብሩ ያውቀዋል፣ ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው ነው እንጂ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቡድን አይደለም። ለማታው ከአዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ አንሺ እንዲያመጣ ቢጠይቁትና ቢስማማ፣ እኔ እርሱን እመርጥ ነበር።

የሐይቅ ዳር ሙሽራ፦

ዛሬ ደወልኩለት። ሁለተኛ አንሺ ለማምጣት ወዲያው ተስማማ፤ እንዲያውም የምሽት ግብዣ ላይ ልምዱ ትንሽ መሆኑን እኔ ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ። አያቴ የሚኖሩበትን ሰፈርም ያውቀዋል። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ አያቴ በሰርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ ይደክማቸዋል ብዬ እፈራለሁ። የእርሳቸውን ፎቶ በየትኛው ሰዓት ላስይዝ?

ብርሃንና ጥላ፦

በሰርጉ ቀን ብቻ አይሁን። አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ይላኩት፤ በምሥራቅ በኩል ካለ መስኮት አጠገብ በለመዱት ወንበር ተቀምጠው፣ ቡናው እየተፈላ ያንሳቸው። ካሜራውንም ሰውየውንም ስለሚለምዱ እሑድ ሲያዩት አይደነግጡም። የወላጆችዎን ሰርግ ፎቶ በእጃቸው ያስይዟቸው።