ጌሞቼን እንደገና ሳላወርድ ወደ አዲሱ ኮምፒውተር እንዴት ላዛውር?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ የተጫኑትን ጌሞች በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወደ አዲሱ ላዛውር ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ተቸግሬያለሁ። በጠቅላላው 340 ጊጋባይት ገደማ ናቸው፤ እንደገና ላውርድ ብል በእኔ ኢንተርኔት ሳምንታት ይፈጃል።

ጌሞቹን የማወርድበትንና የምከፍትበትን ስቲም የተባለ ፕሮግራም አዲሱ ላይ ጭኜ በአካውንቴ ገባሁ። ከዚያ ከአሮጌው «ስቲምአፕስ» ፎልደር ውስጥ «ኮመን» የሚለውን ብቻ ገልብጬ «ዲ» ድራይቭ ላይ አስቀመጥኩት። አንዱን ጌም «ኢንስቶል» ስለው 87 ጊጋባይቱን ከዜሮ ማውረድ ጀመረ። ደንግጬ ወዲያው አቆምኩት።

ስህተቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ኋላ ሳየው ከ«ኮመን» ጎን «አፕማኒፌስት» ብለው የሚጀምሩ፣ እያንዳንዳቸው የጌሙን ቁጥር የያዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉ፤ እነሱን አልገለበጥኳቸውም። ችግሩ እሱ ይሆን? ወይስ ሲጫን የተመረጠው ድራይቭ «ሲ» ስለነበረ ነው? አሁን ብጨምራቸውስ ከተጀመረው ዳውንሎድ ጋር ይጋጫሉ?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሴቭ ያደረግኳቸው፣ ማለትም ጨዋታው የደረሰበትን የያዙት ፋይሎች ናቸው። አንዳንዶቹ «ዶክመንትስ» ውስጥ፣ ሌሎቹ «አፕዳታ» ውስጥ ተበታትነዋል። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሦስት ዓመት የተጫወትነው እዚያ ስላለ እንዲጠፋብኝ በፍጹም አልፈልግም። አሮጌውን ፎርማት ከማድረጌ በፊት የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።