በርቱድ ፓስ ቅዳሜ፦ ትንበያው «3» ይላል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የአውሮራዋ፦
ሰላም ወገኖች። የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ወደ በርቱድ ፓስ (ኮሎራዶ ያለ የተራራ መተላለፊያ) በበረዶ መራመጃ ጫማ እንድንወጣ ጋብዘውኛል። ስኪ የለም፤ በእግር ብቻ ነው። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል ግን የናዳውን አደጋ ከ5 ደረጃዎች 3ኛው ላይ አስቀምጦታል። ረቡዕ ብዙ በረዶ ጥሏል፤ ቅዳሜ ፀሐይ ነው ተብሏል። እነሱ «3 መካከለኛ ነው፣ አትፍሪ» ይላሉ። እውነት ነው?

የሲያትሉ፦
እኛ ሲያትል አጠገብ ባለው ተራራ፣ ስኖኳልሚ ላይ ከባድ በረዶ ከጣለ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቀን እንወጣለን። አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። እኔ ብሆን እሄዳለሁ።

ባለአካፋው፦
ወንድሜ፣ የሲያትልን በረዶ ለሲያትል ተውልን። የእናንተ ከባሕር የሚመጣ፣ እርጥብና ጥልቅ ነው፤ ቶሎ ይያያዛል። የእኛ የኮሎራዶው ስስ ነው። በክረምቱ መግቢያ የጣለው በረዶ ከሥሩ መሬቱ ሞቅ ያለ፣ ከላዩ ደግሞ አጥንት የሚሰብር ብርድ ስለሚሆንበት እንፋሎት በውስጡ እያለፈ ቅንጣቶቹን ሻካራ ስኳር ያደርጋቸዋል። ብትጨብጠው አይጠብቅም፤ በጣቶችህ መካከል ይፈስሳል። ነፋስ የጠቀጠቀው ከባድ በረዶ የሚጫነው በዚያ ላይ ነው። ይህ በሦስት ቀን አይድንም፤ ወራት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚያዝያ ወር ሎቭላንድ ፓስ አጠገብ፣ ሺፕ ክሪክ ላይ ስድስት ሰዎች ተይዘው አምስቱ ሞቱ። ናዳውን የቀሰቀሱት ከተዳፋቱ ግርጌ ሆነው ነው።

እህቴ፣ መካከለኛ የሚባለው 2 ነው። ሰው በብዛት የሚሞተው ደግሞ 5 በታወጀበት ቀን አይደለም፤ ያን ቀን ማን ይወጣል? በ3 ነው፣ ሰማዩ ጠርቶ ልብ ሲያሞኝ። በእግር መሄድም አያድንም። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ተዳፋት ላይ ወይም ሥሩ ከሆናችሁ የእናንተ ክብደት ይበቃዋል። ከእግራችሁ ሥር «ውምፍ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም በረዶው ከጫማችሁ ፊት ከተሰነጠቀ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ።

የአውሮራዋ፦
አመሰግናለሁ። ጠየቅኋቸው፤ ቢኮን (በናዳ የተቀበረ ሰው እንዲገኝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ) ያለው አንዱ ብቻ ነው።

ባለአካፋው፦
ታዲያ እሱ ቢቀበር ምልክቱን ማን ይቀበለዋል? ቢኮን፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ለእያንዳንዱ ሰው ነው። የተቀበረ ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ 911 ብትደውሉም በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚደርስላችሁ የለም። በርቱድን ተዉትና ወደ ብሬይናርድ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ ያዙ፤ በጥድ መካከል የሚያልፍ፣ አቀበቱ ቀላል መንገድ ነው። ሐይቁ ጋ ስትደርሱ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ መነጽር እንዳትረሺ።