ሐዋሳ፦ ለካኖን 700ዲ አንድ ፕራይም (ዙም የሌለው) ሌንስ ብቻ፣ 50 ወይስ 24?

ሐይቅ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው፣ ከ18-55 ሌንሱ ጋር። የማነሳው እዚሁ ሐዋሳ ክርስትና፣ ልደትና ሽምግልና ነው። አብዛኛው ማታ ሳሎን ውስጥ በአምፖል ብርሃን ስለሆነ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 አድርጌም ፎቶው ብዥ ይላል። ያለኝ ብር ለአንድ ያገለገለ ሌንስ ብቻ ይበቃል። 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ልግዛ ወይስ ስሱን 24 ሚሜ ኤፍ 2.8? ያገለገለ ሲገዛስ ምኑ ይታያል?

ታቦር ግርጌ፦
እህቴ፣ ችግርሽ ብርሃን ከሆነ 50ን ግዢ። 18-55ሽ 50 ላይ ሲደርስ የሚከፍተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል። ኤፍ 1.8 ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ 6400 ይጠይቅ የነበረው ፎቶ በዚያው ሹተር ስፒድ (ካሜራው ብርሃን በሚቀበልበት ጊዜ) አይኤስኦ 640 ይበቃዋል። 24ቱ ላይ ግን ትርፍሽ ትንሽ ነው። የያዝሽው ሌንስም 24 ላይ ኤፍ 4 ገደማ ስለሚከፍት፣ ኤፍ 2.8 የሚጨምርልሽ እጥፍ ብቻ ነው።

50 የሚያስቸግረው ቦታ ላይ ነው። በ700ዲ ሴንሰር ላይ ስለሚያጠብ፣ ከ3 ሜትር ርቀት የሚገባልሽ ስፋት 1.3 ሜትር ያህል ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። የቆመን ሰው ከራስ እስከ እግር ለማስገባት ካሜራውን አቁመሽም 4.5 ሜትር ያህል መራቅ አለብሽ። ስለዚህ ኬክ ዙሪያ የተሰበሰበውን ቤተሰብ በ18-55 እና ወደ ጣሪያ በዞረ ፍላሽ አንሺ፣ ፊቶችን በ50። ብርሽን ከማውጣትሽ በፊት ዙሙን 50 ላይ በፕላስተር አሽገሽ አንድ ዝግጅት ሥሪበት፤ ግድግዳው ወደኋላ አላስኬድ ካለሽ ያኔ ይገባሻል።

ኤፍ ስምንት፦
በ50ው እስማማለሁ፣ ግን ሁሉን ነገር በኤፍ 1.8 እንዳታነሺ። 2 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት እስከ ኋላ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክርስትና እናት ሕፃኑን ታቅፋ ስትቀመጥ የሕፃኑ ዓይን ይጠራል፣ የእሷ ፊት ይደበዝዛል። ኤፍ 2.8 ላይ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ሹተር ስፒድሽን ከ1/125 አታውርጂ፤ ሰዎቹ ዝም ብለው አይቀመጡምና እጅሽ ባይንቀጠቀጥም ብዥታው አይቀርም።

700ዲ የሌንስ ፎከስ ማስተካከያ ሜኑ የለውም። ስለዚህ ሻጩ ፊት አንድን ጽሑፍ በኤፍ 1.8 አንዴ በቪውፋይንደር (በዓይን በሚታይበት ቀዳዳ)፣ አንዴ በላይቭ ቪው (በኋላው ስክሪን) አንሺና አጉልተሽ አስተያዪ። የላይቭ ቪው ብቻ ደጋግሞ ከጠራ ሌንሱና ካሜራሽ አልተግባቡም፤ ሌላ ፈልጊ።

ባለ ትሪፖድ፦
ስለ ያገለገለው ልጨምር። ካኖን 50 ኤፍ 1.8 ሁለት ዓይነት በብዛት ይገኛል። አሮጌው፣ ሁለተኛው ሥሪት፣ ካሜራው ላይ የሚገጥመው ቀለበት ፕላስቲክ ነው፣ ፊልተሩ 52 ሚሜ። በ2015 የወጣው ኤስቲኤም ቀለበቱ ብረት፣ ፊልተሩ 49 ሚሜ ነው፤ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፣ አሮጌው እስከ 45። የዋጋው ልዩነት ከባድ ካልሆነ ኤስቲኤሙን ውሰጂ።

የስልክሽን መብራት ከኋላ በኩል አብሪና ከፊት እዪ፤ ጠርዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር ካለ ፈንገስ ነው፣ ተዪው። ጥቂት ብናኝ ግን ፎቶው ላይ አይታይም። ቀጥሎ በኤፍ 1.8፣ ከዚያ በኤፍ 8 አንሺ። በ1.8 ሠርቶ በ8 ላይ «ኤረር 01» ካወጣ የአፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያውን የሚያጠበውና የሚያሰፋው) ክፍል ተበላሽቷል፤ ብዙዎች በ1.8 ብቻ ፈትነው የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። የኤስቲኤሙ አፍንጫ ፎከስ ሲያደርግ ይወጣል፤ ወጥቶ ሳለ በእጅሽ ገፍተሽ አታስገቢው፣ ሞተሩን ይጎዳል።

ሐይቅ ዳር፦
አመሰግናለሁ፣ ኤስቲኤሙን እፈልጋለሁ። እህቴ ያላት ኒኮን ዲ5300 ነው፤ ለእሷስ 50 ኤፍ 1.8 ዲ ረከስ ብሎ ቢገኝ?

ባለ ትሪፖድ፦
አይሆንም። ዲ5300 የፎከስ ሞተር በውስጡ ስለሌለው ዲ ሌንሱ በእጅ ብቻ ነው የሚሠራላት። ኤኤፍ-ኤስ ዲኤክስ 35 ሚሜ ኤፍ 1.8 ጂ ትፈልግ፤ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ነው፣ ለሳሎንም ከ50 ይሰፋል።