«እግዚአብሔር» ስም ነው ወይስ ማዕረግ? ስለ አራቱ ፊደላትና ስለ አማርኛው ትርጉም

ጥያቄ፤ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ እምነቱ ከእኔ ቢለይም የማከብረው ሰው፣ «የአምላክ የተጸውዖ ስሙ ይሖዋ ነው፤ የእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስሙን አንሥቶ በቦታው እግዚአብሔር የሚል ማዕረግ አኖረበት» ቢለኝ የምመልስለት አጣሁ። ቤቴ ገብቼ የ1954 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስን ስከፍት፣ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 3 ሙሴ ስሙን በጠየቀ ጊዜ የተሰጠው መልስ «ያለና የሚኖር» የሚል ሆኖ አገኘሁት፤ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ «ይህ ለዘላለሙ ስሜ ነው» ይላል። ለዘላለም ስሜ ነው የተባለው እንግዲህ የትኛው ነው?

የምጠይቀው ለክርክር አይደለም። ያሳደገችኝ አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሌሊት እየተነሣች «እግዚኦ» ስትል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስሙን ሳታውቅ ስትጠራው ኖራ ይሆን የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

መልስ፤ የቅኔ ተማሪ፣ ከሞጣ

ወንድሜ፣ በግዕዙ በኩል ያለውን ልናገር፤ ዕብራይስጡን ለሚያውቁት እተዋለሁ። «እግዚአብሔር» ሁለት ቃላት ተናብበው የሰጡት ነው። «እግዚእ» ጌታ ማለት ሲሆን፣ «ብሔር» ዛሬ በፖለቲካ ከምንሰማው ትርጉም አስቀድሞ አገር፣ ምድር፣ ዓለም ማለት ነበር፤ ሲናበብ የዓለም ጌታ ይሆናል። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ አምላኩን «እግዚአ ሰማይ» ይለዋል፤ የቃሉ አሠራር አንድ ነው። ስለዚህ ባልደረባህ ቃሉ ከማዕረግ ተነሥቷል ማለቱ ልክ ነው። ከማዕረግ መነሣትና ማዕረግ ሆኖ መቅረት ግን የተለያዩ ናቸው። «ጌታ» ብንል ብዙ ሰው ሊባል ይችላል፤ «እግዚአብሔር» ስንል ከአንዱ በቀር ማንንም አናስብም።

አባቶች ብሉይ ኪዳንን ወደ ግዕዝ የመለሱት ከጽርዕ፣ ማለትም ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው። እርሱም በስሙ ቦታ «ኪርዮስ»፣ ጌታ ይላል፤ ግዕዙም ይህንኑ አንድ ጊዜ «እግዚእ»፣ አንድ ጊዜ «እግዚአብሔር» እያለ ይመልሰዋል። መዝሙረ ዳዊት 22 «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» ብሎ ሲጀምር፣ መዝሙር 109 ግን «ይቤሎ እግዚእ ለእግዚእየ» ይላል። በዚህ በሁለተኛው ጆሮ ብቻውን ልዩነት አያገኝም፤ በዕብራይስጡ ግን የመጀመሪያው «እግዚእ» ያ የምትጠይቀው ስም ነው፣ ሁለተኛው ሌላ ቃል ነው። አማርኛው ከዕብራይስጡ ጋር ስለተያየ «እግዚአብሔር ጌታዬን» ብሎ ለይቶታል። በዚህ ቦታ አማርኛው ከግዕዙ ይልቅ ወደ ስሙ ቀርቧል እላለሁ፤ ይህን ስል የግዕዝ ልጅ ሆኜ ነው።

አያትህ ይሉት የነበረው «እግዚኦ» የ«እግዚእ» መጥሪያ ነው። «እግዚኦ ተሣሃለነ» በቅዳሴ የምንሰማው የ«ኪርያላይሶን» ፍቺ ስለሆነ፣ እርሳቸው ሌሊት የሚሉት ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ የምትለውን ነው።

መልስ፤ ከባሕር ዳር

ስሙ በዕብራይስጥ የሚጻፈው በአራት ፊደላት ነው፦ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ። ዳዊት የደገመ ሰው እነዚህን የፊደል ስሞች ከመዝሙር 118 ያውቃቸዋል። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ከ6,800 ጊዜ በላይ ይገኛል። ያ ጽሕፈት በጥንቱ ልማድ ተነባቢውን እንጂ አናባቢውን አይጽፍም፤ ካዕብ ሣልስ እያልን ላደግን ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው። አይሁድ ስሙን ከማክበራቸው የተነሣ በአንደበት መጥራቱን ትተው፣ በንባብ ጊዜ በቦታው «አዶናይ»፣ ጌታዬ ማለትን ልማድ አደረጉ። ማሶሬቶች የተባሉት ሊቃውንት በኋላ ለንባብ የሚረዱ የአናባቢ ምልክቶችን ሲጨምሩ፣ አንባቢው «አዶናይ» እንዲል ለማስታወስ የዚያን ቃል ምልክቶች በአራቱ ፊደላት ላይ አኖሩ። «ይሖዋ» የሚለው አነባበብ የወጣው የአንዱን ተነባቢ ከሌላው አናባቢ ጋር አንድ ላይ በማንበብ ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ወደ ጥንቱ ይቀርባል የሚሉት «ያህዌ» ሲሆን፣ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ቴዎዶሪጦስም ሳምራውያን ስሙን «ያቤ» ብለው እንደሚጠሩት ጽፏል።

ለጥያቄህ ግን ዋናው ነገር ግሡ ነው። ለሙሴ የተመለሰለት «ኤህዬ አሼር ኤህዬ» ነው፤ «ኤህዬ» ደግሞ ከመሆንና ከመኖር ግሥ በአንደኛ መደብ የወጣ ነው። በግዕዝ «እሄሉ» (እኖራለሁ) እና «ይሄሉ» (ይኖራል) እንደምንለው ሁሉ፣ ዕብራይስጡም ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር በአሌፍ፣ ስለ ሌላው ሲነገር በዮድ ይጀምራል። እርሱ ስለ ራሱ «ኤህዬ» ይላል፤ እኛ ስለ እርሱ ስንናገር ቃሉ በዮድ ይጀምራል፤ የዚያ ስም የመጀመሪያ ፊደልም ዮድ ነው። ስለዚህ ቁጥር 14 ላይ «ያለና የሚኖር» የተባለው የስሙ ፍቺ ነው፤ ቁጥር 15 ላይ «እግዚአብሔር» በተባለበት ቦታ ደግሞ ዕብራይስጡ አራቱን ፊደላት ይዟል።

ጉዳት አልደረሰም ግን አልልም። ዘፍጥረት 1፥1 ላይ ዕብራይስጡ «ኤሎሂም» ሲል አማርኛውም ግዕዙም «እግዚአብሔር» ስለሚሉ፣ ሁለት የተለያዩ መጠሪያዎች አንድ ሆነው ለአንባቢው ይደርሱታል። አዲሱ መደበኛ ትርጉም «እግዚአብሔር» ብሎ አጠገቡ በቅንፍ አንዱን ጊዜ «ኤሎሂም»፣ አንዱን ጊዜ «ያህዌ» መጻፉ ለዚህ ነው፤ ለንባብ ባይመችም እኔ እደግፈዋለሁ።

መልስ፤ ከዳንግላ

እኔ በስሙ ከሚጠሩት ወገን ነኝና በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ሰሎሞንን «ሰላማዊ» ብለን አንተረጉመውም፤ የሰውን ስም እንዳለ ከተውን የፈጣሪን ስም ስለ ምን እንተረጉማለን? ግሪኩም ቢሆን ሁልጊዜ «ኪርዮስ» አላለም፤ በይሁዳ ምድረ በዳ በተገኙ የጥንት የግሪክ ብራናዎች ላይ ስሙ በዕብራይስጥ ፊደል እንዳለ ተጽፎ ይታያል። የአነባበቡ ጥርጣሬም ስሙን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ኢየሱስንም በዕብራይስጡ ድምፅ አንጠራውም።

መልስ፤ የቅኔ ተማሪ፣ ከሞጣ

ወንድሜ ከዳንግላ ያቀረቡት ስለ ብራናዎቹ እውነት ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ በተገኙት የሐዲስ ኪዳን የግሪክ ብራናዎች ሁሉ ብሉይ ሲጠቀስ በስሙ ቦታ «ኪርዮስ» ወይም «ቴዎስ»፣ አምላክ፣ ነው ያለው፤ «ጌታ» ማለት ስሕተት ከሆነ ስሕተቱ ከወንጌላውያን ይጀምራል ማለት ነው። ደግሞም ስሙ ከመካከላችን ጨርሶ አልጠፋም። አጭሩ «ያህ» በየማኅሌቱ በምንለው «ሃሌ ሉያ» ውስጥ አለ፤ ያህን አመስግኑ ማለት ነው። ደብረ ኤልያስ ስንል ኤልያስ «አምላኬ ያህ ነው» ማለት ነው፤ ኢሳይያስም፣ ዘካርያስም፣ ዮሐንስም፣ ጌታችን የተጠራበት ኢየሱስ የሚለውም ይህንኑ ስም በውስጣቸው ይዘዋል።

ጠያቂው፤ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለ አያቴ የነበረኝ ፍርሃት ተነሥቶልኛል። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ዘፀአት 6፥3 ስሙ ለአብርሃም እንዳልታወቀ ይናገራል፤ ዘፍጥረት 15፥7 ላይ ግን ከከለዳውያን ዑር ያወጣሁህ እኔ እግዚአብሔር ነኝ ብሎ ለአብርሃም ራሱ ነግሮታል። በዚያ ቦታ ዕብራይስጡ ምን ይላል?

መልስ፤ ከባሕር ዳር

በሁለቱም ቦታ ያሉት አራቱ ፊደላት ናቸው። አንዳንድ ሊቃውንት ልዩነቱን መጽሐፉ ከተለያዩ ጥንታዊ ምንጮች ተሰባስቦ ከመጻፉ ጋር ያያይዙታል። ሌሎች፣ እኔም ወደ እነርሱ አዘነብላለሁ፣ ነገሩን «ማወቅ» በሚለው ግሥ ይፈቱታል፤ በዕብራይስጥ ማወቅ ሰምቶ መያዝ ብቻ ሳይሆን በኑሮ ደርሶ ማየትም ነው። አብርሃም ስሙን ሰምቶ የምድሪቱን ተስፋ ተቀበለ እንጂ አልወረሳትም፤ ከዘፀአት 6፥6 ጀምሮ የሚዘረዘሩት «አወጣችኋለሁ፣ እታደጋችኋለሁ፣ እቀበላችኋለሁ» የሚሉት ግሦች ግን ያ ስም ሲሠራ የሚታይባቸው ናቸው። ሦስቱን ቁጥሮች ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳታቋርጥ አንብባቸው፤ «እኔ እግዚአብሔር ነኝ» በሚለው ቃል ተጀምረው በዚያው ቃል ይፈጸማሉ።